ነጎድጓዱ የንባብ ጠረጴዛ ላይ

ወንድሜን አፌን ሞልቼ ነው የማወራው። ከፈለጋችሁ ጉረኛ በሉኝ፣ ቅር አይለኝም። የባህል ዘፋኝ ሆኖ ጀምሮ ቲያትር ቤቱን አርባ ዓመት ያንቀጠቀጠ ሰው ወንድማችሁ ቢሆን እናንተም ዝም አትሉም ነበር። ሕዝቡ ነጎድጓዱ ይለዋል። እኔ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ጸጉሬ ሸብቶም ሚጣ ይለኛል።

እኔ እዚያው ቲያትር ቤት አስታዋሽ ነኝ። መጋረጃ ጀርባ አንዲት ትንሽ መብራት ሥር ድርሰቱን ይዤ ቁጭ እላለሁ፤ ቃል የጠፋበት ተዋናይ ሲኖር አንሾካሹኬ አቀብለዋለሁ። ለወንድሜ ግን አንድም ቀን አቀብዬው አላውቅም። አንዲት ቃል አይስትም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ለምን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም ነበር።

ወንድሜ ማንበብ አይችልም። ፊደል አልቆጠረም፣ በቃ። ያለችው አንዲት ፊርማ ናት፤ እሷንም ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ስታዩዋት የሚኒስትር ትመስላለች።

ወደ ትወና የገባው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰርግ ቤት ይዘፍን ነበር፤ ኋላ ቲያትር ቤቱ አጃቢ ዘፋኝ አድርጎ ወሰደው። አንድ ቀን ዋናው ተዋናይ ታሞ ቀረ። አዳራሹ ሞልቷል፣ አለቆቹ ራሳቸውን ይዘዋል። ወንድሜ "እኔ እችለዋለሁ" አለ። ለካ ጥግ ቆሞ ሲሰማ የሁሉንም ቃል፣ የሴቶቹን ሳይቀር፣ ለቅሞ ይዞታል! በዚያው ተዋናይ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ አዲስ ድርሰት በመጣ ቁጥር ወጥ ቤታችን ውስጥ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ሽንኩርት እየላጠ ይሰማል። ቃል ጭንቅላቱ ውስጥ የሚቀመጥለት በዜማ ነው። እያንዳንዱን ንግግር አንድ የሚያውቀው ዘፈን ላይ ይጭንና ሦስቴ ያንጎራጉረዋል፤ ሲያዝለት ዜማውን አውርዶ ቃሉን ብቻ ይዞ መድረክ ይወጣል።

አንዴ ታዲያ ጉድ ሠራን። ዳኛ ሆኖ ሞት የሚፈርድበት ቲያትር ነበር። ዜማውን ማውረድ ረሳው! "በስቅላት እንድትቀጣ ፈርደናል" የምትለዋን በሙሽራ ዘፈን ለቀቃት። ተመልካቹ ምን ያርግ፣ አጨበጨበ። ይባስ ብሎ የተከሳሹ እግር ምቱን መምታት ጀመረ። እኔን መጋረጃ ጀርባ ላብ አጠመቀኝ። በማግስቱ ጋዜጣው "ፍርድ በዜማ፦ ደፋር ፈጠራ" ብሎ ጻፈ። እሱንም ያነበብኩለት እኔ ነኝ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ማንበብ እንደማይችል ለማንም እንዳይናገር ግን አስምዬዋለሁ። የጋራ ንባብ በተባለ ቁጥር "መነጽሩን ረስቶ ነው"፣ "ጉሮሮውን አሞት ነው" እያልኩ ስንቱን አዘጋጅ ሸወድኩ መሰላችሁ!

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት አዘጋጅ መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፣ አልዋሽም፤ ችክ ማለቱ ነው እንጂ። ይዞት የመጣው ድርሰት ስለ አንድ ሽማግሌ ዘፋኝ ሕይወት ነው። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ሚና ይሄ ነበር፤ በዚህ ዕድሜው ካመለጠው ሌላ እንደማይመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። አዘጋጁ ተዋናዮቹን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ማንም ያላየውን ወረቀት አደለ።

"እዚሁ እናነባለን። ዋናውን ሚና የምሰጠው ንባባችሁን ሰምቼ ነው" አለ። "ጋሼ፣ ከእርስዎ እንጀምር።"

ወንድሜ ወረቀቱን አገላበጠው። ዘልዬ ተነሳሁ። "መነጽሩን ቤት ረስቶ ነው!"

"የኔን ይሞክሩት" ብሎ አዘጋጁ የራሱን አወለቀ። ደግነቱ ገደለኝ።

"እሱማ... ጉሮሮውንም እኮ..."

"ሚጣ፣ ተይ በቃ" አለኝ ወንድሜ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ልጄ፣ እኔ ማንበብ አልችልም።"

አንዲት ተዋናይ አፏን በእጇ ያዘች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አርባ ዓመት የጠበቅሁለት ስም በአንድ አፍታ ሲፈርስ ታየኝ።

እሱ ግን አንገቱን አልደፋም። "አባታችን ሲሞት ሁለት ልጅ የሚያስተምር አልነበረም" አለ። "እኔ ሰርግ ቤት ዘፈንኩ፣ እሷ ተማረች። አንድም ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም። ዝም ያልኩትም አፍሬ እንዳይመስላችሁ። እሷ በኔ ፈንታ ተማርኩ ብላ ስለምትሳቀቅ ነው።"

እኔ እኮ እሱን የሸፈንኩ መስሎኝ ነበር! ለካ ያን ሁሉ ዓመት የኔን ኀፍረት የተሸከመልኝ እሱ ነው። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

አዘጋጁ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። "ታዲያ፣ ጋሼ፣ እንዴት አድርጌ ልስማዎት?"

"እሷ አንዴ ታንብብልኝ።"

ወረቀቱን አነሳሁ። የለመደብኝ ሆኖ በሹክሹክታ ጀመርኩ።

"ጮክ በይ እንጂ!" አለ ጠረጴዛውን ቸብ አድርጎ። "እንድታንሾካሹኪ ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አፍንጫዬን ጠርጌ፣ ድምፄን አውጥቼ ሁለት ገጽ ሙሉ አነበብኩ። በሰው ፊት እንደዚያ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በከንፈሩ ዜማ ይፈልጋል። ስጨርስ ተነሳና ሁለቱን ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወታቸው። አንዲት ቃል አላጎደለም። ሽማግሌው ዘፋኝ እዚያው ፊታችን ቆመ። ወንበሮች ተንኳኩ፣ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ አዘጋጁም "ሚናው የእርስዎ ነው፣ ጋሼ" አለ።

ወንድሜ የሰማው አይመስለኝም። አጠገቡ ወዳለው ተዋናይ ዘንበል ብሎ፣ ፊቱ እያበራ፣ "አነባበቧን ሰማህልኝ?" ይለዋል። "እህቴ እኮ ናት!"