መስታወቱ ውስጥ የቆመው ጥላ

አራዳ የነበረው የሐጂ አሊ ጨርቅ መደብር ለመንገድ ማስፋፊያ ከፈረሰ ወዲህ ሽማግሌው ከሰው መቀላቀል ትተዋል። ልጃቸው ፈህሚያ አንዴ እንኳ ዞረው ይዩት ብላ መደብሩን በኮምፒውተር መልሳ ሠራችው። መደርደሪያውን፣ ጣቃውን፣ ከባንኮኒው ኋላ የነበረውን ትልቅ መስታወት ከፎቶ ቀዳች። ሰው ግን አላስገባችም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ማራኪ ሰፈር በተከራየችው ክፍል፣ ሥራውን ለማሽኑ ሰጠችው። ከዚህ በኋላ የሰው እጅ የለበትም። ፀሐይዋ በበሩ ገብታ የት እንደምታርፍ፣ ከቀዩ ጣቃ ነጥራ የቱን ግድግዳ እንደምታቀላ ማሽኑ ጨረር በጨረር ያሰላና አንድ ሥዕል ያወጣል። አንዱ ሥዕል ሰባት ደቂቃ ይፈጃል፤ ለአንዲት ሴኮንድ ፊልም ደግሞ ሃያ አራት ሥዕል ያስፈልጋል።

አርባኛው ሥዕል ላይ፣ መስታወቱ ውስጥ፣ በሩ ሥር የቆመ ሰው ጥላ አየች። ግራ ትከሻው ዘመም ብሏል።

የረሳችው ዕቃ እንዳለ ዝርዝሩን ፈተሸች። የለም። ሥዕሉን እንደገና አሠራችው፤ ጥላው ንቅንቅ አላለም። ለባልደረባዋ ለአብዱልባሲጥ ደወለች።

«ማሽን ያልሰጠሽውን አይስልም» አላት። «በደንብ ፈልጊ።»

«የበሩን መዝጊያ ራሱን ከሥዕሉ አወጣሁት እኮ! ጥላው አለ።»

«እንግዲያው አጥፊውና ከክፍሉ ውጪ።»

አላጠፋችውም። አባቷን ጠራች። ሐጂ አሊ መጥተው ሥዕሉን ብዙ አዩት።

«ሐዲጃ ናት» አሉ።

ሐዲጃ ፈህሚያ ሳትወለድ የሞተች እህታቸው ናት። ፎቶዋ እንኳ አልተረፈም።

«በልጅነቷ ወድቃ ትከሻዋ እንዲህ ቀረ። ምሳ ይዛልኝ ስትመጣ ገበያተኛ ካለ አፍራ አትገባም፤ እዚያው ቆማ ትጠብቃለች።» ወደ ማሽኑ ጎንበስ አሉ። «ማንም የለም እህቴ፣ ግቢ።»

ቀጣዩ ሥዕል ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወጣ። በሩ ሥር ጥላ የለም። ባንኮኒው ላይ ግን፣ ልክ ሰው ተደግፎ እንደቆመ፣ ዘመም ያለ ትከሻ አጥልቶበታል።

ፈህሚያ ገመዱን ከሶኬቱ መዥርጣ ነቀለችው።

«ምነው ልጄ?» አሉ አባቷ። «ገብታ ነበር እኮ።»

ሦስት ቀን አኮረፏት። በአራተኛው ቀን ራሷ ጠርታ ማሽኑን ከፈተችላቸውና በሩን ዘግታ ወጣች። ከውጭ ሆና ስታዳምጥ ሐጂ አሊ ያወራሉ። ዝም ይላሉ። ከዚያ ይስቃሉ።