የማይከፈቱት አሥራ አንድ ሊንኮች

አባቷ ከሞተ ሦስት ወር ሆነው፤ ልጅቱ ግን ገና አላዘነችም። ሰው ሲያለቅስ አየች፣ አጎቶቿ ሲያጽናኗት እሺ አለች፣ በሳምንቱ ቢሮዋ ተመለሰች። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ባልደረቦቿ ሲስቁ አብራ ትስቃለች። ውስጧ ደንዝዟል፤ እሷም ታውቀዋለች፣ ግን ምን ታድርገው?

አባትየው የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። የአርባ ዓመት ሙያውን በስተርጅና ብሎግ ከፍቶ ይጽፈው ጀመር። ኪቦርዱ ላይ በአንድ ጣት እንደ ዶሮ ይጭር ነበር እንጂ ጽሑፉስ ግሩም ነው፤ ስንቱ ልብስ ሰፊ ቀጥ ያለች መኪናውን በእሱ ምክር አስነስቷል። አባቷ ከሞተ በኋላ ብሎጉን ያስተናግድ የነበረው ድርጅት ሲዘጋ ወደ ሌላ ያዛወረችው ልጅቱ ናት። በኮምፒውተር ነገር ቤተሰቡ የሚያምነው እሷን ብቻ ነው።

ከዚያ አንድ አንባቢ ጻፈ፦ «ክር ስለሚይዘው መንጠቆ አስተካከል የሚለውን ሊንክ ስጫነው ‹ገጹ አልተገኘም› ይለኛል።»

የተበላሹ ሊንኮችን የሚለቅም ፕሮግራም ብታስነሳ መቶ አርባ ሦስት አወጣላት። አብዛኞቹ ተራ ነገር ናቸው፦ የተዘጋ የመለዋወጫ ሱቅ፣ የተሰረዘ ፎቶ፣ አድራሻ የቀየረ ፋብሪካ። ከቢሮ መልስ አንድ በአንድ ተያያዘቻቸው፤ አዲስ አድራሻ ያለውን ቀየረች፣ የሌለውን ነቀለች። ማሰብ የማይጠይቅ ሥራ ስለሆነ ወደደችው። በመጨረሻ አሥራ አንድ ቀሩ። ሁሉም ወደ አባቷ ወደ ራሱ ጽሑፎች የሚወስዱ ናቸው፤ ጽሑፎቹን ግን ውሃ በልቷቸዋል።

አሮጌውን ኮምፒውተር በረበረች። ፍላሹን፣ ኢሜይሉን፣ የድሮ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠውን ድረ ገጽ ሁሉ። የሉም። ሳዛውር ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለች ለራሷ። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው እውቀት፣ በእሷ ጥድፊያ። ለታላቅ እህቷ አልነገረችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። ይህ እንኳ አላስለቀሳትም።

ቅዳሜ ጠዋት የአባቷ ጓደኛ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄደች። የአባቷን ጽሑፍ አንድም ሳያስቀር እያሳተመ ከመኪናው ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ሰው ነው። ዝርዝሩን ሰጠችው።

«ጋሼ፣ ከእነዚህ ውስጥ በወረቀት ያለዎት ይኖራል?»

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አነበበና ሳቀ። «እነዚህማ አልተጻፉም፣ ልጄ።»

«እንዴት አልተጻፉም? ሊንካቸው አለ እኮ።»

«አባትሽን አታውቂውም እንዴ? መኪና ሲፈታ እንኳ መጀመሪያ ጨርቅ አንጥፎ ለእያንዳንዱ ብሎን በጠመኔ ክብ ያሰምራል። ብሎኑን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ጽሑፉም እንደዚያው ነበር፤ ሊንኩን አስቀድሞ ይተክላል፣ ገጹን ቀስ ብሎ ይጽፋል። ሆስፒታል ወስዳችሁት በተመለሰ ሳምንት እዚህ ተቀምጦ አሥራ አምስት ተከለ፣ በወር አንድ ሊጽፍ። አራቱን ጻፈ።»

እሷ አላጠፋቻቸውም ማለት ነው። ከስንት ሳምንት በኋላ ትከሻዋ ቀለላት፣ ረጅም ትንፋሽ ወጣት።

ልብስ ሰፊው መርፌው ላይ ክር እያስገባ ወሬውን ቀጠለ። «የመንጠቆውን አስቀድምልን፣ ሁላችንን ያስቸገረን እሱ ነው ብዬው ነበር። ‹ምን ያጣድፈኛል? ልጆቼ ጨጓራ ነው ብለውኛል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› ብሎኝ ቀላል ቀላሉን ጀመረ።»

ሐኪሙ ጨጓራ አላለም። ኮሪደሩ ላይ ሁለቱን እህትማማቾች ብቻ ጠርቶ ነበር፤ ከስድስት ወር አያልፍም አላቸው። ተስፋ እንዳይቆርጥ ብለው ሊደብቁት እዚያው ቆመው ተስማሙ። ገብታ «አባዬ፣ ጨጓራ ነው» ያለችው እሷ ናት፣ ፈገግ ብላ። የእሷን ቃል ተጠራጥሮ አያውቅም።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ» አለችና ወጣች።

ቤቷ ገብታ ኮምፒውተሩን ከፈተች። አሥራ አንዱ ሊንኮች በቀይ ተሰልፈዋል፤ ፕሮግራሙ ይነቀሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ዘጋችው። ለአንባቢው «ገጹ አልጠፋም፤ አባቴ ሳይደርስበት ሞተ» ብላ ጻፈች። አነበበችው። የመጨረሻውን ደመሰሰችና እንደገና ጻፈች፦

«ገጹ አልጠፋም። አባቴ ሊጽፈው ይችል ነበር፤ እንደሚሞት ደብቀነው ነው።»