ስልሳ አንድ ከመቶ

በሰሜን በረዷማ አገር ያለው የፒየሊነን ክለብ አሥራ አራት አባላትና አንድ ሕግ አለው። አባላቱ በየእሁዱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በየቤታቸው ስክሪን ፊት ቁጭ ብለው፣ የመኪና መሪ የሚመስል መሣሪያ ጨብጠው፣ ፔዳል እየረገጡ፣ በኮምፒውተር ጨዋታ መኪና ይወዳደራሉ። ሕጉ ደግሞ ያሸነፈ ሰው የመኪናውን ልክ ለሁሉም ይሰጣል ይላል። የጎማው ንፋስ ስንት እንደሆነ፣ ሞላው ምን ያህል እንደሚጠነክር፣ ፍሬኑ በምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ አንድም ሳይቀር ይነገራል። ጸሐፊዋ ሂልካ ቁጥሮቹን ጮክ ብላ ታነባለች፣ የተሸነፈው ሁሉ በእርሳስ ይጽፋል። እርግጥ ፋይሉን በአንድ ጊዜ መላላክ ይቻል ነበር። ሂልካ ግን "በእጁ ያልጻፈ አያስብበትም" ብላ ከደነገገች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ከሂልካ ጋር ተከራክሮ የሚረታ ሰው ደግሞ በዚያ አገር ገና አልተወለደም።

በኅዳር መጀመሪያ እሁድ የአርባ ዙሩን ውድድር ራይሞ ቱርፔይነን አሸነፈ። ራይሞ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ሊኤክሳ ከተማ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ በክለቡ ደግሞ ክለቡ ከተቋቋመ ጀምሮ ከሰባተኛ ከፍ ብሎ አያውቅም። የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ማንም ሳያየው ኩርባ አቋርጦ ማለፉን ራሱ ተናግሮ፣ አምስት ሰከንድ ተቀጥቶ፣ ደስ ብሎት አሥራ አንደኛ ወጥቷል። በክለቡ ውስጥ ክርክር ሲነሳ "ራይሞን ጠይቁት" ይባላል። ሌላ ዋንጫ የለውም፤ እሱም ይህንኑ አንዱን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል።

ድሉ በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም። ከመጋቢት ጀምሮ በየምሽቱ ከእራት በኋላ መኪናውን ሲያስተካክል ከርሟል። መኪናው አልቆም ሲለው የፍሬኑን ኃይል ከፍ አደረገ። አሁንም አልቆም ሲለው ጨመረ፣ የኋላ ጎማዎቹም ይበልጥ ፍሬን እንዲይዙ አደረገ። ሞላውን አለሰለሰ። ከሌሎቹ ቀድሞ መርገጥን፣ ፍጥነቱን ሳይገድል በኩርባው ማለፍን ለመደ። እናም በዚያ እሁድ የሌሎቹ ጎማ በሠላሳኛው ዙር ሲያልቅ የራይሞ ገና ደህና ነበር፤ አንድ በአንድ አለፋቸው። ሂልካ ልኩን ስታነብ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራ ሦስት ሰው የሱን ቁጥር ጻፈ። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሕፃን ተኛ።

ረቡዕ ዩርኪ ደወለ። ዩርኪ የከተማው ጎማ ነጋዴ ነው፤ ራይሞ የሚነዳው አውቶቡስ የበረዶ ጎማ የሚገጠምለት እሱ ዘንድ ነው፣ ሴት ልጁ ሚንቱም በየጠዋቱ ከሦስተኛው ፌርማታ ትሳፈራለች። በእሁዱ ውድድር ሁለተኛ የወጣውም እሱው ነበር።

"ራይሞ፣ የሰጠኸን ቁጥር ስህተት አለው እንዴ?"

"የለውም። ሂልካ ያነበበችው የኔኑ ነው።"

"እንግዲያው የደበቅከው ነገር አለ። ሦስት ቀን ሞከርኩት። መጀመሪያው ኩርባ ላይ ፍሬን ከመንካቴ የኋላው ጎማ ቀድሞኝ ይሄዳል። እኔ ብቻ ብሆን ጥፋቱ የኔ ነው እል ነበር። ስድስት ሰው ሞክሮት ስድስታችንም አጥሩ ላይ ነን።"

"ቀስ ብላችሁ ርገጡታ።"

"ቀስ ብዬ ከረገጥኩማ ለምን እወዳደራለሁ፣ ጡረታ ወጥቼ ዓሣ አጠምድ የለ።"

"ዩርኪ፣ ዋሽተሃል እያልከኝ ነው?"

"ስድስት ዓመት ሰባተኛ የወጣ ሰው ባንድ ጊዜ ክንፍ አያወጣም ነው የምለው። ልጆቹ እኮ ሲያሙህ ሰነበቱ። እሁድ ድምፅ እንሰጥበታለን።"

ልኩን አሳስቶ የሰጠ ሰው ከክለቡ ይወጣል፤ ሕጉ ይህን አይሸሽግም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ራይሞ ከሰኞ ጀምሮ ሲታማ የሰማው በሦስተኛው ቀን ነው። ከክለቡ መውጣቱን ይችለው ነበር። "ራይሞን ጠይቁት" የሚለው ቃል መቅረቱን ግን አይችለውም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ሚንቱ ቦርሳዋን እየጎተተች ተሳፈረች፣ በአገሩ ሰላምታ "ሞይ" አለችው፣ እንደ ልማዷ ከኋላው ተቀመጠች። ዩርኪ በረዶው ላይ ቆሞ ነበር፤ እጁን አላነሳም። ራይሞ በሩን እየዘጋ ገረመው። ሰውየው በጨዋታ መኪና ላላመነው ሰው ልጁን አምኖ ይሰጣል።

ማታ ቤቱ ሲገባ ደፉ ላይ ተደናቀፈ።

"እግርህን አንሳ እንጂ፣" አለች ሚስቱ ኤይላ ከምድጃው ሳትዞር። "ትናንት ምንጣፉ፣ ዛሬ ደፉ። ቤቱን ልታፈርሰው ነው?"

"ጫማው ነው። አዲስ ነው፣ አልለመደኝም።"

"የድሮው እያለም ጫማው ነው ስትል ነበር።"

ራይሞ የአጃ ዳቦውን ቅቤ ቀባ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሂልካ ከዮኤንሱ ከተማ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በበረዶ ነድታ ነገሩን በዓይኗ ልታይ መጣች። የስልሳ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አሳንሰር ስትጠግን ኖራለች። ኤይላ ቡናና ሄል የገባበት ዳቦ አቀረበችላት። ሂልካ ቆማ ሁለት ጉርሻ ዳቦ ጎረሰችና "የመጣሁት ለመብላት አይደለም፣ ወንበሩ የት ነው?" አለች።

የራይሞ የመወዳደሪያ ወንበር ከእንፋሎት መታጠቢያው ከሳውናው ጎን ባለችው ትንሽ ክፍል ነው። ሂልካ ተቀመጠች፣ መሪውን ጨበጠች፣ ያሸነፈበትን መኪና ከነልኩ አስነሳች። መጀመሪያው ኩርባ ላይ ፍሬን ረገጠች። መኪናው ዞረና አጥሩ ላይ ተለጠፈ። ደገመች፤ መኪናውም ደገመው።

"ይሄ መኪና ሰው ይጠላል፣" አለች። "ተነሥቼልሃለሁ፣ አንተ ንዳው።"

ራይሞ ነዳው። ዙሩን በአንድ ደቂቃ ከአርባ አንድ ሰከንድ ጨረሰ፣ ሁለተኛውንም እንዲሁ። መኪናው በእጁ ከበግ ይልቅ ገራም ነበር። ሂልካ ከኋላው ቆማ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች። እንዲህ የምታዳምጠው የብልሽት ድምፅ ስትሰማ ብቻ መሆኑን የሚያውቁት ድሮ አብረዋት የሠሩት ናቸው።

"ውሸታም አይደለህም፣" አለች በመጨረሻ። "ግን አንድ ነገር አልገጠመልኝም። የዓመቱን ዙሮች አስቀምጠሃቸዋል?"

ጨዋታው እያንዳንዱን ዙር ይመዘግባል። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ስክሪኑ ላይ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፤ ሙሉ በሙሉ ከተረገጠ መቶ ላይ ይደርሳል። የራይሞ ፔዳል የሚለካው የእግርን ጉልበት ነው። ሂልካ የሚያዝያውን ዙር አወጣች። የፍሬኑ መስመር ዘጠና ስድስት ደርሷል። የሰኔው ሰማንያ ስምንት። የመስከረሙ ሰባ አራት። ያሸነፈበት እሁድ አርባ ዙር ሙሉ ከስልሳ አንድ አንዴም አላለፈም።

"እስከ መጨረሻው አትረግጥም ማለት ነው?" አለች።

"እስከ መጨረሻው ነው የምረግጠው።"

"አሁን ርገጠው።"

ራይሞ ወንበሩን ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ በቀኝ እግሩ ገፋው። ስልሳ አንድ።

"ፔዳሉ አርጅቷል፣" አለ። ይህን ሲል ቀለል አለው፤ አሮጌ ዕቃ ነው፣ ሲገዛውም ያገለገለ ነበር፣ ምክንያቱ ተገኘ።

ሂልካ ጎንበስ ብላ ፔዳሉን መረመረች፣ ብሎኑን ነካካች። ከዚያ ቀና ብላ "ኤይላ፣ እስቲ ነይ" ብላ ተጣራች። ኤይላ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ሃምሳ አምስት ኪሎ የምትመዝን ሴት ናት፤ በሱፍ ካልሲ ነበረች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እንደተነገራት ረገጠችው።

መስመሩ መቶ ገባ።

ኤይላ እግሯን አንስታ ባሏን አየችው፣ ከዚያ ስክሪኑን፣ ከዚያ እንደገና ባሏን። ራይሞ ቀኝ ጭኑን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ደፉ ትዝ አለው፣ ምንጣፉ ትዝ አለው፣ በሐምሌ የሳውናውን ደረጃ ሲወርድ ግድግዳውን መደገፍ የጀመረበት ቀን ትዝ አለው። ለእያንዳንዱ አንዳንድ ምክንያት ነበረው፣ ሁሉም ጥሩ ጥሩ ምክንያት ነበር። ስምንት ወር ሙሉ መኪናው ሰነፈ እያለ ሲያቃና የከረመው የገዛ እግሩን ነበር። በየሳምንቱ እግሩ አንድ ሲቀንስ እሱ ፍሬኑ ላይ አንድ ሲጨምር፣ ልኩ ለሱ ብቻ የሚሆን ልክ ሆነ።

"አውቶቡሱ ላይ እንዴት አላወቅሁም?" አለ ቀስ ብሎ።

"የአውቶቡስ ፍሬን በንፋስ ኃይል ነው የሚሠራው፣ ለስላሳ ነው። አይነግርህም፣" አለች ሂልካ። "እስከሚያስፈልግህ ቀን ድረስ አይነግርህም።"

ቡናው በርዶ ነበር፤ እንዲሁ ጠጡት። ሂልካ ሲኒዋን አስቀምጣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ደግ ሴት ናት፣ ደግነቷ ግን እንደ መፍቻዋ ቀጥ ያለ ነው።

"ነገ መኪናውን በዓይኔ አይቻለሁ እላቸዋለሁ። ልኩ ትክክል ነው፣ የራይሞ ፔዳል ግን ስላረጀ አይይዝም፣ ለዚህ ነው ያልሠራላችሁ እላለሁ። ማንም አይጠይቅም። ስምህ ነጻ ይወጣል። የእግርህን ነገር አንተና ኤይላ በጊዜያችሁ ትጨርሱታላችሁ።"

ራይሞ አሰበበት። ዋሽቶ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ፈተነውም። ሠላሳ ዓመት የነዳው መንገድ ነው፣ እያንዳንዱን ድልድይ ያውቃል፤ በደከመ እግርም ቢሆን የሚነዳው መሰለው።

"ስሜ ነጻ ይወጣል፣" አለ። "ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሚንቱ 'ሞይ' ብላ ከኋላዬ ትቀመጣለች። ታዲያ ምኑ ነጻ ወጣ?"

ኤይላ ስልኩን አቀበለችው። ለአውቶቡስ ኃላፊው ደውሎ ሰኞ ሌላ ሹፌር እንዲፈልግ ነገረው። ኃላፊው ለስንት ቀን እንደሆነ ጠየቀ። ራይሞ አላውቅም አለ። ስልኩን ዘግቶ የአውቶቡሱን ቁልፍ ከበሩ አጠገብ ካለው ሚስማር አወረደና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ አለቀሰ፤ ብዙ አይደለም። ሂልካ ዳቦዋን ጨረሰች።

እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ አሥራ አራቱም በጆሮ ማዳመጫ ተገናኙ። ሂልካ "ከድምፅ መስጠቱ በፊት ልኩ እንደገና ይነበባል፣ ዛሬ ባለቤቱ ራሱ ነው የሚያነበው" አለች። እርሳሶች ወጡ፤ አንዳንዱ ሲያጉረመርም ተሰማ።

ራይሞ ባለፈው እሁድ የተነበቡትን ቁጥሮች በተራቸው አነበበ። የጎማ ንፋስ፣ ሞላ፣ የፍሬን ኃይል። አንዱንም አልለወጠም። ሲጨርስ ግን አላቆመም።

"አንድ መስመር ቀርቷል፣" አለ። "ባለፈው እሁድ እኔም አላውቀውም ነበር። የሹፌሩ ቀኝ እግር፣ ስልሳ አንድ ከመቶ።"

እርሳሶቹ ሲጭሩ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ አንድ በአንድ ቆሙ።

"እግሬ እየደከመ ነው። ለምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም። ልኩ የተሠራው በዚህ እግር ነው፣ በደህና እግር ከረገጣችሁት ያዞራችኋል። ዩርኪ ልክ ነበር፣ የጎደለ ነገር ነበረው። ይኸው ሰጠኋችሁ።"

"ድምፅ መስጠት የሚፈልግ አለ?" አለች ሂልካ። ማንም አልፈለገም።

"ራይሞ፣" አለ ዩርኪ። ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። "ነገ ጠዋት አውቶቡሱን ማን ነው የሚነዳው?"

"ከኑርሜስ ከተማ የሚመጣ ሰው። ደህና ነጂ ነው አሉ። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ በረዶው የተቆለለበትን ጎን ነግሬዋለሁ።"

ዩርኪ እርሳሱን ሲያስቀምጥ ተሰማ።

"ሐኪም ጋ መቼ ነህ?"

"ማክሰኞ። አራት ሰዓት፣ ዮኤንሱ።"

"ኤይላ በበረዶ መንዳት አትወድም። ሁለት ሰዓት ላይ በርህ ላይ ነኝ፣ እኔ እወስድሃለሁ።"

ራይሞ ቀኝ ጉልበቱን አሻሸ።

"እሺ፣" አለ። "ቀስ ብለህ የምትረግጥ ከሆነ።"