ነጠላ የለበሱ መብራቶች

የሶዶ ዋና መንገድ ሲሰፋ አሮጌዎቹ የብረት መብራቶች ተነቀሉ። የበያጁ የወልደሰንበት አባት ከጉራጌ አገር መጥተው የብረታ ብረት ሥራ የጀመሩት ከእነዚህ መብራቶች በአንዱ ሥር ነበር። ወልደሰንበት ራሱም ዛሬ ሚስቱ የሆነችውን ጥሩዬን ምሽት ምሽት ሲጠብቅ የቆመው እዚያው ነበር። ስለዚህ ቁራሌዎች ሳይደርሱባቸው አራቱን ለምኖ ወሰደና በአይሱዙ አስጭኖ ለቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ለቄስ ለገሰ አመጣቸው።

"ግቢው ጨለማ ነው፣ አባቴ። ማሕሌት የሚመጡ እናቶች ይደናቀፋሉ" አላቸው። ቄሱም ፈቀዱ።

ዝገቱን ፍቆ፣ የተሰበረውን በይዶ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶ ከግቢው በር እስከ ደጀ ሰላሙ አቆማቸው። ቀለሙ ሳይደርቅ አቧራ እንዳይይዘው ግን በጥሩዬ አሮጌ ነጠላዎች ጠቀለላቸው። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ነጠላዎቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ከአረካ መንገድ በኩል በእግራቸው የሚመጡት አሮጊቷ እማማ ሃይማኖት ቀረብ ብለው አማተቡና የመጀመሪያውን መብራት ተሳለሙት። ከኋላቸው የነበሩት ተከተሉ።

"እማማ፣ መብራት እኮ ነው!"

"አውቃለሁ ልጄ። ያበራል" አሉት።

ከዚያ ወዲያ ሳይሳለማቸው የሚያልፍ ጠፋ። አንዱ ሥሩ ጧፍ አበራ። አንዷማ ልጇ ከታመመበት ቢነሣ ለሦስተኛው መብራት ጃንጥላ ልታገባ ተሳለች።

ቄስ ለገሰ ወልደሰንበትን አስጠሩት።

"ለንግሡ ጳጳሱ ይመጣሉ። ሕዝቤ የመንገድ መብራት ሲሳለም ቢያገኙት ምን እላቸዋለሁ? እኔ እንደሆን መክሬ መክሬ ደከመኝ። እስከዚያ ካልተዉ፣ መብራቶቹ ይነሣሉ።"

ወልደሰንበት በቆርቆሮ ላይ "ይህ መብራት ነው፤ አይሳለሙት" ብሎ ጽፎ በየመብራቱ ሰቀለ። ማንበብ የማይችሉት ጽሑፉን ተሳለሙት። ማንበብ የሚችሉትም ከኋላ ያለው ሰው እንዳይታዘባቸው ተሳለሙት።

ማታ ጥሩዬ ያቀረበችለትን ቆጮ ሳይነካ ይህንኑ ነገራት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

"ትስቂያለሽ? አንቺን ስጠብቅ እግሬ ያለቀበት መብራት እኮ ነው ሊነሣ ያለው!"

"ያኔ መቀመጫ ብታበጅለት ኖሮ እግርህም ባላለቀ ነበር" አለችና ድንገት ሳቋን አቆመች። "ወልዴ፣ ሰው የሚቀመጥበትን ነገር ሲሳለም አይተህ ታውቃለህ?"

ቆጮውን በላና ተኛ። በማግስቱ ሱቁን በጠዋት ከፍቶ ብረት ማጉበጥ ጀመረ። በየመብራቱ ሥር ዙሪያውን ክብ መቀመጫ በየደ፣ ጣውላም መታበት። ሲጨርስ ንግሡ ደርሶ ነበር።

በበዓሉ ታቦቱ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ሲገባ ሰዓቱ ወደ ማታ ደርሷል። ሰው ከንጋት ጀምሮ ቆሞ ዝሏል። እማማ ሃይማኖት እንደ ልማዳቸው ወደ መጀመሪያው መብራት ቢያመሩ፣ ከቤሌ የመጡ ሁለት ሴቶች ጫማቸውን አውልቀው፣ ጀርባቸውን ለመብራቱ ሰጥተው ያወራሉ። ወልደሰንበት ከሩቅ ተመለከተ። አሮጊቷ ብረቱን አዩ፤ ሴቶቹን አዩ፤ የገዛ እግራቸውን አዩ።

"ጠጋ በሉ እስቲ" ብለው ተቀመጡ። ደገፍ አሉና ደግሞ፣ "ይቺ ብረት ጀርባ ታበርዳለች!" ሲሉ አጉረመረሙ።

የሌሎቹም መብራቶች ሥር በሰው ተሞልቷል። የሚሳለም አልነበረም። ጳጳሱን ሸኝተው የተመለሱት ቄስ ለገሰ ይህን እያዩ እያነከሱ መጡ። ሴቶቹ ሊነሡላቸው ሲሉ በእጃቸው ከለከሉና ጥግ ላይ ተቀመጡ።

ወልደሰንበት ቀርቦ እጅ ነሣ።

"እንግዲህ አባቴ፣ ይነሡ?"

"አሁን ገና መቀመጤ ነው!" አሉ ቄሱ። "ወዴት ነው የምነሣው?"

"እርስዎን አይደለም፣ አባቴ። መብራቶቹን ማለቴ ነው።"

"እነሱንማ አብራቸው እንጂ" አሉ ጫማቸውን እያላሉ፤ "መሽቷል።"