የጓዳው ጥግ

ከናዳው በኋላ ቤት ልንሠራ ከቤተ ክርስቲያናችን የሄድነው ሰዎች አብዛኞቻችን አካፋ ጨብጠን አናውቅም። እኔ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የባንክ ሠራተኛ ናቸው። ከእኛ ጋር ግንበኛ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኛ ያጣመምነውን ሲያቃና ይውላል።

ቤት የምንሠራላት ሴት ባሏን ናዳው ወስዶባት ሁለት ልጆቿን ይዛ በላስቲክ ድንኳን ውስጥ ትኖራለች። ሌላ ቦታ ቢሰጧት እምቢ ብላ ቤቱ ድሮ በነበረበት ላይ ይሠራልኝ ስላለች፣ ግትር ናት ብለን አምተናታል። ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ጠዋት ጠዋት ስንደርስ ጓዳው ጥግ ላይ ስትቆፍር እናገኛታለን። ገና ልጆቿ አልተነሡም። እኛን ስታይ አካፋዋን አስቀምጣ ውሃ ልትቀዳልን ትሄዳለች።

«ታታሪ ናት፤ ልታግዘን ነው» ተባባልን። ምን እንደምትቆፍር የጠየቃት የለም። ወሬ በመውደድ የምታወቀው እኔ እንኳ አልጠየቅኳትም።

ማኅበራችን አንድ ልማድ አለው። ሊሾ የሚፈስ ቀን ባለቤቱን ዘወር እናደርጋለን፤ ሲመለስ አልቆ ሲያየው ደስታው እጥፍ ይሆናል ይላሉ ሰብሳቢያችን። እሷንም፣ ትንሹ ልጅሽ ሳል አልለቀቀውም ብለን፣ ከነልጆቿ ጤና ጣቢያ ላክናት። ከዚያ ጉድጓዷን በድንጋይ ሞልተን ጠቀጠቅነው። ሲሚንቶውን በባልዲ እየተቀባበልን፣ እየዘመርን አፈሰስነው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ግንበኛው በጣውላ ደልድሎ ሲጨርስ ሰብሳቢው፣ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አሉ። ይህን ተረት የደረሰበት ሰው ራሱ ሲለው እንጂ ሌላ ሲልለት አልወድም።

እሷ ስትመጣ አጨበጨብን። ደጃፉ ላይ ቆማ ወደ ጓዳው አየች።

«ጉድጓዱስ?»

«ደፈንልሽ» አልኩ ማንም ሳይቀድመኝ። «ከእንግዲህ አትለፊ።»

ልጆቿን ወደ ድንኳኑ ላከች። እስኪገቡ ጠብቃ፣ «እዚያ ጋ ነው ያለው» አለች። «ቆፋሪዎቹ ሌሎቹን አውጥተው እሱን ሳያገኙት ሄዱ። አልጋችን እዚያ ጥግ ነበር። ትንሽ ነበር የቀረኝ።»

ሰው ሲያፍር መሬት ትዋጠኝ ይላል። እዚያ መንደር ይህን ማለት ነውር ነው፤ እኔ ግን በሆዴ ያልኩት እሱኑ ነው።

ግንበኛው ተንበርክኮ ሊሾውን በጣቱ ነካ። «እርጥብ ነው። አሁን ከጀመርን ይነሣል፤ ካደረ ግን ድንጋይ ነው» አለ። ከዚያ አቀረቀረ። «ሲሚንቶው ግን አይመለስም። ሌላ የለንም፤ ጥጉ ክፍት ከቀረ የዝናቡ ውሃ በዚያ ገብቶ ቤቱን ያርሰዋል።»

ክረምቱ ደጅ ደርሷል። ሰብሳቢው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ያጠፋነው እኛ ነን። አንቺ ቁረጪ፤ ያልሽውን እናደርጋለን።»

ደሜ ፈላ። «ምኑን ትቁረጥ፣ ጋሼ? ወይ ቤትሽን ወይ ባልሽን ምረጪ ማለት እኮ ነው» አልኳቸውና አካፋ አነሣሁ።

የአካፋውን እጀታ ያዘችብኝ። ከድንኳኑ ውስጥ ትንሹ ልጅ አሳለ፤ አሳለ፤ መቆሚያ አጣ። ሁላችንም ሰማነው።

«ተዪው፣ እህቴ» አለች። «ሐኪሟ ምን አለችኝ መሰለሽ? እርጥብ መሬት ላይ አታስተኚው።»

አካፋውን ከእጄ ወስዳ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ድምፅ ሳታወጣ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ።

«አደራ፣ ለልጆቹ እንዳትነግሩብኝ» አለች ሲወጣላት። «ከሌሎቹ ጋር ተቀብሯል ብያቸዋለሁ።»

በማግስቱ ሊሾው ደርቆ ዕቃዋን አስገባንላት። ዕቃ ከተባለ ሁለት ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ድስት ነው። የልጆቹን ፍራሽ ንፋስ በማያገኘው በኩል አነጠፈችላቸው፤ የራሷን እየጎተተች ወደ ጓዳው ጥግ ወሰደችው።

«እማዬ፣ እዚያ ይጨልማል፤ ከእኛ ጋር ተኚ» አላት ትልቁ።

ፍራሹን በእጇ እያስተካከለች፣ «እኔ እዚህ ነው የለመድኩት» አለችው።