ባዶው ታንክ

ታንኩ እንዲተከል በሚፈቅደው ወረቀት ላይ የቀረው የእሷ፣ ስሌቱን የምታጣራው መሐንዲስ፣ ፊርማ ብቻ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛዋ ላይ ተጋድሟል፤ ባየችው ቁጥር ደሟ ይፈላል።

የጋዙ ታንክ አሥራ አራት ሜትር ይረዝማል። እንደ በርሜል ተጋድሞ፣ ኮርቻ በሚሏቸው ሁለት የብረት መቀመጫዎች ላይ ያርፋል። ቦታው ገላጣ ኮረብታ ስለሆነ፣ ነፋስ በጎኑ ሲመታው እንዳይገፋው ኮርቻዎቹ በብሎን ይታሰራሉ። የብሎኖቹን ውፍረት ያሰላው ዋናው መሐንዲስ ነው፤ አጎቷ፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም። ያሰላውም ታንኩ በጋዝ ጢም ብሎ እንደሞላ አድርጎ ነው። ዘጠና ቶን የሚመዝነውን ነፋስ ምን ያደርገዋል? ቀጫጭን ብሎን ይበቃል ብሎ ጻፈ። ባዶውን ግን አሥራ ስምንት ቶን ነው። እሷ ባዶውን ሦስት ጊዜ አሰላችው። ሦስቴም ብሎኖቹ ተበጠሱ።

ቢሮው ገብታ ስትነግረው ቀና እንኳ አላለም። ሃያ ዓመት ሲያሰላ አንድም ታንክ እግር አውጥቶ እንዳልሄደበት ነገራት።

"ጋን በጠጠር ይደገፋል፣ የኔ ልጅ።"

"ሙሉ ጋን ከሆነ።"

ዛሬ ተሰቅሎ ነገ ይሞላል አለ። እሷ ግን ጋዝ አቅራቢዎቹ ዘንድ አስቀድማ ደውላለች፤ ጋዙ ገና ስድስት ሳምንት ይቀረዋል። ይህን ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ።

"መደመር ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።"

"አዎ። የሚያናድደኝም እሱ ነው። የማያውቅ ሰው ቢሆን ቁጭ ብዬ አስረዳው ነበር።"

ለእናቷ እንደሚነግርባት ሲዝት በሩን ላዩ ላይ ዘግታ ወጣች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ እሱ አሁንም በእናቷ ያስፈራራታል።

ኮረብታው ላይ ስትደርስ ታንኩ በክሬን ገመድ ተንጠልጥሏል። ከጎኑ ራቅ ብለው ስድስት ቧንቧ በያጆች ዕቃቸውን ዘርግተው ተራ ይጠብቃሉ። ነገር ባለማቻኮሉ "ቀስ በል" የሚሉት ፎርማን የመጣችበትን አልጠየቃትም።

"ፈርመሻል?"

"አልፈረምኩም። ብሎኑ ባዶውን አይችለውም።"

ወደ ክሬኑ እጁን አወዛወዘ። ታንኩ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ወረደ፤ አንደኛው በያጅ የግማሽ ቀን ሥራ ተበላሸ እያለ አጉረመረመ።

ስልኳ ጮኸ። አጎቷ ነው። ሰላምታም ቁጣም አላስቀደመም።

"ባዶው ስንት ወጣልሽ?"

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበችለት፤ ልጅ ሳለች እሱ ሲያስጠናት ያደርግ እንደነበረው፣ ሳትደግም። ንዴቷ አልበረደም። በወዲያኛው በኩል ግን እርሳስ ወረቀት ሲቧጥጥ ይሰማታል።