ምስክር ያልቆመለት ፉከራ

የፊልም ሰዎቹ ከአዲስ አበባ የመጡት ግራዝማች አዘዘ ጣሊያንን ጣና ውስጥ ያሰጠሙበትን ታሪክ ሊቀርጹ ነበር። ግራዝማች አዘዘ ግን በዕድሜያቸው ሙሉ አንድም ሰው አስጥመው አያውቁም።

ፊልሙ ስለዚህ መሆኑን እሳቸው ገና አልሰሙም። የሰሙት ስለ ዓለም ጦርነትና ስለ አርበኞች የሚናገር ፊልም መኖሩን፣ በድል በዓል ቀን በቴሌቪዥን እንደሚታይና ከባሕር ዳር የተመረጡት እሳቸው መሆናቸውን ብቻ ነው። ለዚሁ ሲሉ ተነፋነፍ ሱሪያቸውን አሳጥበው፣ የአርበኝነት ሜዳያቸውን በአመድ አሽተው፣ በማለዳ ከሐይቁ ዳር ከተተከለው ካሜራ ፊት ቆመዋል። ልጃቸው የሺመቤት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃዋን ከጓደኛዋ ጋር ተቀያይራ አብራቸው መጥታለች።

«ጓድ አዘዘ፣ ትንሽ ወደ ውሃው ጠጋ ይበሉልኝ» አለ አዘጋጁ አምሐ።

ግራዝማች ንቅንቅ አላሉም። መንግሥት ማዕረግ ከሻረ ወዲህ በቀበሌው መዝገብ ጓድ አዘዘ ናቸው፤ ጆሯቸው ግን ይህን ስም አይሰማም። የሺመቤት ወደ አምሐ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ አንድ ቃል ነገረችው።

«ግራዝማች፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ።»

«እሺ፣ የኔ ልጅ» ብለው ወዲያው ጠጋ አሉ።

አምሐ ክፉ ሰው አልነበረም። ፀሐዩ እስኪስተካከል ድረስ ብሎ ተራኪው በኋላ የሚያነበውን ጽሑፍ አወጣና አነበበላቸው። «በአዘዘ የሚመሩት አርበኞች ገና ጎሕ ሳይቀድ በደንገል ታንኳ ገሥግሠው፣ የፋሽስቱን የሞተር ጀልባ ከነወታደሩ ከጣና ሆድ አሰጠሙት።»

ግራዝማች ሐይቁን አዩት፤ ያሰጠሙት ነገር ይኖር እንደሆነ የሚፈልጉ ይመስል ነበር።

«ይኸን ማን ነገረህ?»

«ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ የተገኘ ነው። የትግል ጓደኛዎ አቶ አምባቸው ያረፉ ጊዜ ውዴ የምትባል አልቃሽ ያወረደችውን ሙሾ ባልደረባችን በቴፕ ቀድቶት ነበር።»

ከጎን ዣንጥላቸውን ዘርግተው የተቀመጡት ሽማግሌ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሐጂ ዓብደላ ናቸው፤ ዛሬ ዛሬ በባሕር ዳር ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ በጠላት ዘመን ግን የአዘዘን ቡድን በታንኳ የሚያሻግሩት እሳቸው ነበሩ።

«ለቅሶ ላይ ማን ምስክር ይጠይቃል?» አሉ ሐጂ ዓብደላ። «አልቃሽማ የሞተን ሰው ታስረዝማለች እንጂ አታሳጥርም። አምባቸው እንኳ ሰምቶት ቢሆን ከቃሬዛው ተነሥቶ፣ እኔ ነኝ ወይ? ይል ነበር።»

«ውዴን አትውቀሳት» አሉ ግራዝማች። «ሥራዋ ነው። እኔም እዚያው ነበርሁ፤ ስሰማ አለቀስሁ እንጂ አልከለከልኋትም። ለቅሶ አይታረምም፤ ነውር ነው። ፉከራ ግን ይታረማል።»

ከዚያም ለአምሐ የቡድናቸውን ደንብ ነገሩት። ከእነሱ መካከል የሚፎክር ሰው ባዶ ሜዳ ላይ አይፎክርም። በሚፎክርበት ውጊያ አብሮት የዋለው ሰው ድምፅ ከሚሰማበት ቦታ ይቆማል። ፎካሪው ልክ ከተናገረ ምስክሩ «እውነት ነው!» ይላል። ቃል ካጣመመ ግን «ቁም!» ይባላል፤ ያን ጊዜ ጀግናውም ሆነ አለቃው ወደ ሥፍራው ተመልሶ፣ ከመጀመሪያዋ ቃል አንሥቶ ይደግማታል። ቁም ተብሎ ያልቆመ ሰው ከዚያ ወዲያ ከእነሱ ጋር አይፎክርም።

«ታዲያ እውነቱ ምንድን ነው?» አለ አምሐ።

«ጀልባው ዱቄት ጭኖ ወደ ቁንዝላ ሲመጣ ሐይቁ ዳር ከበቀለው ደንገል ሣር ውስጥ ገባ» አሉ ግራዝማች። «ከውሃው በታች የሚሽከረከረው ብረት ደንገሉን ጠመጠመ። ሞተሩ ያጓራል፣ ጀልባው አይነቃነቅም። እኛ በጨለማ ልንደርስበት አስበን ነበር...»

«ታንኳዋን ከውሃ አውጥተህ አቁማት፣ ውሃ ትጠጣለች ብዬህ ነበር» አሉ ሐጂ ዓብደላ። «አልሰማኸኝም።»

«አልሰማሁትም» አሉ ግራዝማች ለአምሐ። «ታንኳዋ ውሃ ጠጥታ እንደ ነፍሰ ጡር ከበደች። ስንደርስ ፀሐይ ወጥቷል። ከሩቅ አዩን፤ መትረየሱን አዙረውብናል። ቀዘፍን። ምን እናድርግ፣ መመለሱም ያው ነው። የፊተኛው ወታደር፣ ገና ልጅ ነው፣ ዐይን ዐይኔን ሲያየኝ ቆየና እጁን ከመትረየሱ ላይ አነሣ። ከዚያ ሁሉም እጃቸውን ሰጡ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ሰዎቹን ለአለቃችን አስረከብን፣ በዱቄቱ መንደሩ ክረምቱን ወጣበት።»

አምሐ ጽሑፉን አጣጠፈ። «ግራዝማች፣ ይሄ ጥሩ ነው። ግን ጦርነት ነው የምናሳየው። አንድ ጥይት አልተተኮሰም ካልን፣ ታዲያ ምኑን ተዋጉት ይሉኛል።»

«እስቲ አንተ በቀን፣ ገላጣ ውሃ ላይ፣ የሣር ታንኳ ተቀምጠህ ወደ መትረየስ ቅዘፍ! ከዚያ ወዲያ ምኑን እንደ ተዋጋሁ አንተው ትነግረኛለህ።»

ሐጂ ዓብደላ «እውነት ነው!» አሉ፤ የሺመቤት ሳቀች።

«ጽሑፉ አዲስ አበባ ተነቦ ማኅተም አርፎበታል» አለ አምሐ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ልለውጠው አልችልም። ካልፈለጉ ደግሞ አንበሳሜ ከተማ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ የሚባሉ አርበኛ አሉ፤ እንደ ተጻፈው ይሉልኛል።»

ተክለ ጊዮርጊስ! ግራዝማች ሜዳያቸውን ነካ አደረጉ። የልጅ ልጆቻቸው ለትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ሁሉ ነግረዋል። ፊታቸው አገር ሙሉ ሊያየው ነው፤ ሌላ ጊዜ የሚጠይቃቸው ሰው መኖሩንም እንጃ።

«አባባ፣ አንድ ጀልባ ቢሰጥም ምን አለበት?» አለች የሺመቤት። «ጣና እንደሆነ አይሞላ።»

«ጀልባውስ ይስጠም» አሉ። «ሰዎቹን ነው። እጁን የሰጠን ሰው ውሃ ውስጥ ነከረ ተብሎ ስሜ በአገር ፊት ይነሣ? ይኸ ጀግንነት ነው? አንቺ ከዚህ ሰው ተወለድሁ ትያለሽ?»

ከዚያ ወደ አምሐ ዞሩ።

«ተክለ ጊዮርጊስን አምጣው» አሉ አምሐን። «ምስክሩንም አብሮ ያምጣ። ካገኘ።»

አምሐ ጽሑፉን ኪሱ ከተተ። በመጨረሻም «ፉከራውን እርስዎ እንደሚሉት እቀርጸዋለሁ» አለ። «ፊልሙን የሚቆርጠው ሰው ግን እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከአሁኑ ይወቁት።»

መቅረጽ ሲጀመር የድምፁ ሠራተኛ ሐጂ ዓብደላ በየመካከሉ እየጮኹ አበላሹብኝ ብሎ ራቅ እንዲሉለት ጠየቀ። ግራዝማች ዱላቸውን አውርደው «ምስክሬ ካልተሰማ የኔም ድምፅ አይሰማም» አሉት። ስለዚህ ሐጂ ዓብደላ ከነዣንጥላቸው ካሜራው ውስጥ ገቡ። ግራዝማችም እንደ ጎረምሳ እየተንጎራደዱ፣ ድምፃቸው ከውሃው ላይ እየተመለሰ፣ ፎከሩ።

ሞተሩ ሲያጓራ ደንገል ሲይዝለት፣
በታንኳ ደረስሁ ፀሐይ ወጥቶበት።
እጁን የሰጠን ሰው ደሙን አላፈሰስሁ፣
ከነዱቄቱ ይዤ መንደር አደረስሁ።

«እውነት ነው!» አሉ ሐጂ ዓብደላ። አምሐ ራሱ ሳያስበው አጨበጨበ።

በድል በዓል ዕለት የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። አንዱ ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ፣ ጠረጴዛው ደግሞ አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሀብተ ሥላሴ ግራዝማችንና ሐጂ ዓብደላን ከፊት አስቀመጣቸው። የአውሮፓ አውሮፕላኖች አለፉ፣ ታንኮች አለፉ፤ ከዚያ ጣና ብቅ ሲል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

ተራኪው በሚያምር ድምፅ አነበበ። «ገና ጎሕ ሳይቀድ በደንገል ታንኳ ገሥግሠው...» ግራዝማች የቴሌቪዥኑ መስተዋት ውስጥ ሆነው ሲንጎራደዱ ታዩ። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የሚሰማው ግን የማርሽ ባንድ ነው። ሐጂ ዓብደላ ጭራሽ አልታዩም፤ የዣንጥላቸው ጫፍ ብቻ ከጥግ ብቅ ብሏል። «...ከነወታደሩ ከጣና ሆድ አሰጠሙት!»

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። «ጓድ አዘዘ!» ብሎ ሀብተ ሥላሴ ተነሣ። ሰው ሁሉ እየተነሣ ወደ እሳቸው ያጨበጭብ ጀመር። የልጅ ልጆቻቸው ከሁሉ በላይ ያጨበጭባሉ። ላልሠሩት ሥራ፣ ቢሠሩትም ለሚያፍሩበት ሥራ የተጨበጨበ ጭብጨባ ነበር፤ ግራዝማች ከዚያ መትረየስ ፊት እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አልተሰማቸውም።

ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ሀብተ ሥላሴ፣ የዚያን ሣጥን ድምፅ ዝቅ አድርግልኝ።»

«ግራዝማች፣ የበዓሉ ዝግጅት እኮ ነው...»

«አጥፋው አላልሁህም። ይታይ። አይሰማ።»

ሀብተ ሥላሴ ግራ ቀኙን አየ፤ ከዚያ ሄዶ ቁልፉን አዞረው። ግራዝማች ወደ አዳራሹ ፊታቸውን መለሱ። «ያ የነገራችሁ ሰው እዚያ አልነበረም። የነበርነው እኛ ነን» አሉና ጋቢያቸውን ጣሉ። ሐጂ ዓብደላም ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ከጎን ቆሙ።

«ዘራፍ!» አሉ ግራዝማች።

ሞተሩ ሲያጓራ ደንገል ሲይዝለት፣
በታንኳ ደረስሁ ጎሕ ሳይቀድበት...

«ቁም!»

ሐጂ ዓብደላ ናቸው። ግራዝማች አዘዘን ቁም የሚል ሰው በባሕር ዳር ማንም ሰምቶ አያውቅም። የሺመቤት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ግራዝማች ዱላቸውን እንዳነሡ ደርቀው ቀሩ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ፀሐይ ወጥቶ ነበር፣ አያ አዘዘ። ታንኳዋ ውሃ ጠጥታ።»

ግራዝማች ዐይናቸውን ጨፈኑ። ጎሕ ሳይቀድ የእሳቸው ቃል አልነበረም። ያ ድምፀ መልካም ተራኪ በጆሯቸው ያኖረባቸው ቃል ነው፤ ሁለት ጊዜ ቢሰሙት ከአፋቸው ገብቶ ተቀመጠ። የዚያን ዕለት የነበሩት ሰው እንዲህ ከሆኑ፣ ያልነበሩት እነዚህ ልጆች ነገ ምን ሊሉ ነው?

«ልክ ነህ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ከኋላ ያለውም እንዲሰማ። «አጣመምሁ።»

ጋቢያቸውን አንሥተው ለበሱ። ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ ተቀመጡ። ከዚያ እንደገና ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን እንደገና ጥለው፣ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀመሩ። በዚህኛው ፀሐዩ ወጣ፤ መትረየሱ ወደ ታንኳዋ ዞረ፤ የዚያ ልጅ እጅ ተነሣ፤ ማንም አልሰጠመም። መስተዋቱ ውስጥ የሚተኩሱት ወታደሮች ድምፅ አልነበራቸውም፤ የሚያያቸውም አልነበረም። ግራዝማች ጨርሰው ሲቆሙ የአዳራሹ ዐይን ሁሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውም ጭምር፣ ወደ ሐጂ ዓብደላ ዞረ።

ሐጂ ዓብደላ አልቸኮሉም። ጢማቸውን አሻሹ።

«ይበሉ እንጂ፣ ሐጂ!» አለች የሺመቤት።

«እውነት ነው» አሉ።

እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ሐጂ ዓብደላ እስኪበርድ ጠብቀው እጃቸውን አነሡ። «ዱቄቱ ግን ግማሹ ረጥቦ ነበር።»

«እሱማ ፉከራ ውስጥ አይገባም!» አሉ ግራዝማች፤ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር።

«ለምን አይገባም? ሚስትህ ስትጋግረው አብሬህ በልቻለሁ።»